ለመለዋወጫ የገዛሁት ሲኮ ፋይቭ፦ የጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ግዢው

ሰዓቱን ያገኘሁት ባቲ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ነው። ይሠራል ብዬ አልገዛሁትም። የአጎቴ ሲኮ ፋይቭ ወድቆ የባላንሱ (ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ምት የሚወስነው ጎማ) ዘንግ ጫፍ ተሰብሯል። ያቺ ጫፍ ውፍረቷ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ናት፤ ከተሰበረች ባላንሱን ሙሉውን መቀየር ነው ያለው። ስለዚህ ባላንስ የሚሰጠኝ የሞተ ሰዓት እየፈለግኩ ነበር። ደሴ ውስጥ ጠይቄ ያገኘሁት ወይ ዋጋው አይቀመስም፣ ወይ ማሽኑ ሌላ ነው።

ባቲ ላይ አንድ አዛውንት ሸራ ዘርግተው ሪሞት፣ ቁልፍ፣ የራዲዮ አንጀትና የፈረሰ ሰዓት ይሸጣሉ። አንዱን ገልብጬ ክዳኑ ላይ 7009 የሚል ሳይ ያዝኩት። የአጎቴም 7009 ነው። ሲኮ ክዳን ላይ በሰረዝ የተከፈለ ቁጥር አለ። ከሰረዙ በፊት ያሉት አራት አሃዞች የማሽኑ ዓይነት ናቸው፣ ከሰረዙ በኋላ ያሉት የቀፎው። መለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው የፊተኞቹ ይበቁታል።

1,500 ብር አሉኝ። "አባባ፣ ይሄ እኮ አይሠራም" ስላቸው፣ "ልጄ፣ ቢሠራማ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?" አሉ። በ900 ተስማማን።

ሲገዛ የነበረበት ሁኔታ፦ መስታወቱ ተጫጭሮ ፊቱ በደንብ አይታይም። ሰንሰለት የለውም። መሙያው ዝጎ አይንቀሳቀስም። ሲኮ ፋይቭ መሙያው ብዙ ጊዜ አራት ሰዓት ላይ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ እዚያ ጎድጓዳ ላይ ላብና አቧራ ተጋግሮ ደርቋል። ባቲ ቆላ ነው። ሰው ያልባል፣ ንፋሱም አቧራ ያነሳል። ስወዘውዘው ሮተሩ (እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት) ሲዞር ይሰማል፣ ግን ምንም ቲክ የለም።

ጥቅምት፣ ክዳኑን መክፈት

ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። ወረንጦ፣ ጥቃቅን ካቻቢቴ፣ ማይክሮስኮፕና አልትራሳውንድ ማጠቢያ ሱቅ ውስጥ አለ። የሌለኝ የሰዓት ክዳን መክፈቻ ነው። ሰው የሚጠቀምበት ዘዴ የልጆች ጎማ ኳስ ክዳኑ ላይ በኃይል ተጭኖ ማዞር ነው። የአጎቴ በዚህ መንገድ ወዲያው ተከፍቷል። ይሄኛው ወይ ፍንክች። ዙሪያውን ደብሊው ዲ 40 ጠብ አድርጌ አሳደርኩት። እንደገና በኳስ፣ አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ክዳኑን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጌ፣ ኳሱን ጭኜ ስጠመዝዘው ተንጫጭቶ ለቀቀ።

ለሚሠራ ሰዓት ደብሊው ዲ 40 አልመክርም። ሾልኮ ወደ ማሽኑ ይገባል። እኔ የደፈርኩት ለመለዋወጫ ነው ብዬ ነው።

የክዳኑ ጎሚኒ ሬንጅ ሆኗል። በእንጨት ጭሬ፣ በአልኮል ጠርጌ ነው ያነሳሁት። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የድሮ ጠጋኞች በመርፌ የጫሩት ምልክት አለ። አንደኛው በግልጽ ይነበባል፦ 12/8/79። ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም. ማለት ነው።

ይቺ ጭረት አንድ ጥያቄ መለሰችልኝ። መለያ ቁጥሩ የሚጀምረው በ2 ነው፣ ቀጥሎ ኤን የምትል የላቲን ፊደል አለች። በሲኮ አሠራር የመጀመሪያዋ አሃዝ የፈረንጁ ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ናት። ሁለተኛዋ ወሩን ታሳያለች፤ ከ1 እስከ 9 በቁጥር፣ ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ግን በፊደል። ስለዚህ ሰዓቱ የተሠራው ወይ ኖቬምበር 1982 ነው፣ ወይ ኖቬምበር 1992። በእኛ 1979 ላይ ለጥገና ከተከፈተ 1992 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ 1982 ነው፣ በእኛ 1975 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አጎቴም የራሳቸውን በዚያው ዘመን አካባቢ አሰብ ነው የገዙት፤ በኮምቦልቻ፣ ባቲና ሚሌ መስመር ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። ይሄኛውም በዚያ መንገድ ሳይመጣ አልቀረም። ይሄ ግን የኔ ግምት ነው።

ወደ ማሽኑ ስመለስ፦ በየቦታው ቢጫ ዘይት ተዝረክርኳል። ሽታው የስፌት መኪና ዘይት ነው። አንድ ብሎን የለም። የብሎኖቹ አናት በማይመጥን ካቻቢቴ ተበልቷል። ይሄን ሁሉ አይቼ ባላንሱን ለማውጣት ስዘጋጅ፣ አቧራውን ለማራገፍ በአየር መንፊያው አንዴ እፍ አልኩት። ባላንሱ ተወዛወዘ። ቀስ ብሎ፣ ሰነፍ ሆኖ፣ ግን ነፃ ሆኖ ተወዛወዘ።

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ።

ሞባይል ላይ የለመድነው መቀየር ነው። ስክሪን ቀይር፣ ባትሪ ቀይር፣ ቦርዱ ካስቸገረ ከሌላ ስልክ አምጣ። ጊዜ ገንዘብ ስለሆነ ያዋጣል። የሰዓት ጥገናውም ወደዚያው ሄዷል፤ ዕቃ ስለማይገኝ አንዱን አርዶ ሌላውን ማዳን የተለመደ ነው። ግን እዚህ ላይ ምንም የተሰበረ ነገር የለም። ያለው ቆሻሻ ነው።

አጎቴን ጠርቼ በማይክሮስኮፕ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ፣ "ይሄማ ነፍስ አለው። የኔን ለማስነሳት ይሄን ልትገድል ነው እንዴ?" አሉ። "ባላንስ ሌላ ቦታ እስካገኝ የእርስዎ ሊዘገይ ይችላል ጋሼ" ስላቸው፣ "ይቆያ! አብሽር፣ የት ልሄድበት?" አሉኝ። ፕሮጀክቱ እዚህ ላይ ተገለበጠ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ዕቃና ወጪ

የጎደለኝ ዘይት ነበር። የስፌት መኪና ዘይት ለስፌት መኪና ጥሩ ነው። ሰዓት ላይ ግን ከሩቢው (የማርሽ ዘንግ ጫፍ የሚዞርበት ጠንካራ ድንጋይ) ጉድጓድ ወጥቶ ይሰራጫል፣ ከዚያ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ሰዓቱ ለጥቂት ወር እሰይ ያሰኛል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ባለቤቱም ተመልሶ ይመጣል። ይሄን የሚያደርጉ ጠጋኞች አውቀው ነው ሳያውቁ የሚለውን ለእነሱ ልተወው።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠርሙስ ላከችልኝ፦ ሞቢየስ 9010 ለፈጣኖቹ ማርሾች፣ ኤች ፒ 1300 ለዝግተኞቹ። ሁለቱም በጣም ትንንሽ ጠርሙሶች ናቸው። 200 ድርሃም ወጣባቸው። በብር ሲመነዘር ሰዓቱን ብዙ ጊዜ ይገዛል። ደግነቱ ለአንድ ሰዓት የሚገባው ጥቂት ጠብታ ስለሆነ ለዓመታት ይሆነኛል።

የላይተር ቤንዚን 250 ብር። መስታወት 400 ብር። የክዳን ጎሚኒ ልኩ ስላልተገኘ ቀረብ ያለ፣ 150 ብር። የቆዳ ማሰሪያ ኋላ ላይ 600 ብር። ፈረንጆቹ የሩቢ ጉድጓድ የሚጠርጉበት ለስላሳ እንጨት አላቸው። እኔ የጥርስ መፋቂያ በምላጭ አሹዬ ተጠቀምኩ። በነፃ ነው፣ ይሠራልም። ሩቢው ከእንጨት በብዙ ስለሚጠነክር አይጫርም።

ኅዳር፣ መፍታትና ማጠብ

መጀመሪያ ሮተሩ ይወጣል፣ በአንድ ብሎን ነው የተያዘው። ኩሽኔታው ላይ አሸዋ አለ፤ በጣት ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ የሞላውን (ተጠምዝዞ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ብረት) ኃይል መልቀቅ ነው። ይሄ ሳይደረግ ሹካዋን (ማርሾቹን አንድ አንድ ጥርስ እያለች የምትለቀውን ዕቃ) ማውጣት ክልክል ነው። ሞላው ተጠምዝዞ እያለ ሹካዋ ከተነሳች ማርሾቹ በአንዴ ይፈተለካሉ፣ ጥርስም ይረግፋል። ሞላው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘውን መያዣ ቀስ አድርጌ ስገፋ ግን ምንም የሚለቀቅ ኃይል አልነበረም። ሞላው ባዶ ነው። ይሄን መዝግቤ አለፍኩ።

የሞላው ባዶነት ምክንያት ብዙም ሳልርቅ ተገኘ። ሲኮ ፋይቭ ሮተሩ ሞላውን የሚሞላው ማጂክ ሌቨር በሚባል ዕቃ ነው፤ ሲኮ በ1959 ያመጣው ነው። ሁለት ክንድ አለው። ሮተሩ ወደየትም ቢዞር አንዱ ክንድ ማርሹን ይገፋል፣ ሌላው ይስባል፣ ማርሹ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። በዚህ ሰዓት ላይ አንደኛው ክንድ ጥርሱን አልያዘም፤ ማርሹ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የተገጠመው። ሮተሩ ቢዞርም ሰዓቱ እንደሚገባው አይሞላም ማለት ነው። 7009 ደግሞ በመሙያው በእጅ አይሞላም። ብቸኛው የመሙያ መንገድ ይሄ ነበር፣ እሱም ተበላሽቷል።

ነገሩን ስገጣጥመው፣ ሰዓቱ ባቲ ሸራ ላይ የደረሰው በአንድ በትክክል ባልተገጠመ ክንድና በሙጫ ዘይት ምክንያት ነው። ባለቤቱ "ሞተ" ተብሎ ተነግሮት ጥሎት ይሆናል።

እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንስቻለሁ። ብሎኖቹን በሳምንታዊ የኪኒን ሳጥን ውስጥ በየክፍሉ አስቀመጥኩ። ይቺ ሳጥን ለሞባይልም ትሁን ለሰዓት ምትክ የላትም።

እጥበቱን በላይተር ቤንዚን ነው የሠራሁት። ቤንዚን በቀጥታ አልትራሳውንዱ ውስጥ አይጨመርም፣ እሳት ነው። ክዳን ያለው ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይደረግና እሱ ውሃው ውስጥ ይቀመጣል። መስኮት ተከፍቶ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ። የደሴ የኅዳር ብርድ በዚያ መስኮት ገብቶ እጄን አደነዘዘው፤ በደነዘዘ እጅ ወረንጦ መያዝ አይሞከርም።

ሞባይል ጠጋኞች ሁሉን ነገር አልኮል ውስጥ መንከር ልማዳችን ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሹካዋ ጥቃቅን ሩቢዎች የተጣበቁት ሼላክ በሚባል ሙጫ ሊሆን ይችላል፤ የባላንሱ ትንሽ ሩቢም እንዲሁ። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። ሹካና ባላንስ ቤንዚን ውስጥ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ።

ከመጀመሪያው እጥበት በኋላም በማይክሮስኮፕ ሳይ የሩቢዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ቡናማ ቀለበት ቀርቷል። መፋቂያዋን እያሾልኩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እያዞርኩ፣ ጫፏ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ቀጠልኩ። ማሽኑ 17 ሩቢ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ውጤቱ ግን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኅዳር፣ መግጠም

ማርሾቹ ገብተው ከላይ ያለው ሽፋን ሲቀመጥ በኃይል አይጫንም። ሁሉም ዘንግ ጉድጓዱን ማግኘቱን በእርጋታ እየነካኩ ማየት ነው። የጎደለውን ብሎን ከአጎቴ ማሽን ወሰድኩ። ለእሳቸው ሰዓት ብዬ የገዛሁት መለዋወጫ፣ አሁን ከእሳቸው ሰዓት መለዋወጫ መውሰድ ጀመረ። ፈቃድ ጠይቄ ነው።

ዘይት ሲደረግ ያነሰ ይሻላል። ጠብታዋ የሩቢውን ጎድጓዳ ግማሽ ያህል ከሞላች በቂ ናት። የሹካዋ ዘንግ ጫፎች ደረቅ ይቀራሉ፣ እዚያ ዘይት ሰዓቱን ያደክመዋል።

ያስለቀሰኝ ዲያሾክ ነው። ሰዓቱ ሲወድቅ ባላንሱ እንዳይሰበር በላይና በታች የሚጠብቀው የሲኮ መከላከያ ነው። ሽፋን ሩቢዋን የምትይዘው ስፕሪንግ በወረንጦ ሲነኳት ትዘላለች። እኔ ሁለት እጄንና ሰዓቱን ግልጽ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው የሠራሁት። ዘላለች፣ ግን ፌስታሉ ውስጥ ቀረች።

በእጅ ስለማይሞላ፣ ጠረጴዛ ላይ ለመሞከር በሞላው ቤት አናት ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል። ጥቂት አዞርኩ። ባላንሱ ወዲያው ተነሳ።

ኅዳር መጨረሻ፣ ልክ ማስያዝ

ስልክ ላይ ቲክ ቲኩን በማይክ ሰምቶ ስንት እንደሚፈጥን የሚያሳይ አፕ አለ። ቀን ሱቅ ውስጥ አይሠራም፤ የባጃጁ ጥሩምባ ሁሉ ይገባል። ማታ ቤት ሞከርኩት። 7009 በሰዓት 21,600 ጊዜ ነው የሚመታው፣ በሰኮንድ 6 ማለት ነው። አፕዋ ምቱን ለየችው፤ ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። በቀን 4 ደቂቃ ያህል ይፈጥናል፣ የባላንሱ ውዝዋዜም 170 ዲግሪ ብቻ ነው።

ሁለት ችግር ነው፣ መነሻቸውም ለየቅል።

ፍጥነቱ ማግኔት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። የባላንሷ ቀጭን ሞላ ማግኔት ሲይዛት ጥቅሎቿ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ሥራ ላይ ያለው ርዝመቷ ያጥራል፣ ሰዓቱም ይፈጥናል። ኮምፓስ አጠገብ ሳስቀምጠው መርፌዋ ዞረች። የሞባይል ካቻቢቴዎቼ ብሎን እንዲያነሱ ጫፋቸው ማግኔት ነው፤ ከእነሱ የመጣ ነው። አሁን ለሰዓት ብቻ የሚሆኑ ማግኔት የሌላቸው ለይቻለሁ።

ማግኔት ማጥፊያ ደሴ ውስጥ ማን ይሸጣል? የድሮ ቱቦ ቲቪ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። በቀለም ቲቪ ዘመን ስክሪን ላይ የሚቀረውን የቀለም እድፍ የሚያጠፉበት ትልቅ ጥምጥም ኮይል ነበራቸው። አቧራ ለብሶ ጓዳ ውስጥ ተገኘ። ኮይሉ ተሰክቶ እያለ ሰዓቱን አጠገቡ ያዝኩ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ ራቅኩ። ሳይርቁ ኮይሉን ማጥፋት የለም፣ አለዚያ ይብስበታል። መብራት ሊጠፋ ይችላል ብዬ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ በቀን 25 ሰኮንድ ላይ ወረደ።

ውዝዋዜው ግን ብዙም አልተሻሻለም፤ 185። ንጽሕናው ጥሩ ነው፣ ዘይቱ ትክክል ነው፣ የቀረው ሞላው ነው። ቤቱን ስከፍተው የሞላው ብረት ደክሟል። ከቤቱ ሲወጣ በሰፊው መዘርጋት ሲገባው ተጠቅልሎ ቀረ። የአጎቴን የሞላ ቤት ሙሉውን አምጥቼ ገጠምኩ። 230 ሆነ። ለሲኮ ይሄ ጤነኛ ቁጥር ነው፤ የስዊስ ሰዓት የለመደ ሰው ይነስብኛል ይላል እንጂ።

ከዚያ ፍጥነት ማስተካከያዋን በመፋቂያ ጫፍ ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ መለስ። ፊቱ ወደ ላይ ሲሆን በቀን 8 ሰኮንድ ይፈጥናል። መሙያው ወደ ታች ሲሆን 5 ሰኮንድ ይዘገያል። እዚህ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። ከዚህ በላይ ልነካካው ብል የማበላሸው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ፣ ቀፎና መስታወት

መስታወቱን በኮልጌት አሽተው ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ኮልጌት የሚሠራው ለፕላስቲክ መስታወት ነው። የሲኮ ፋይቭ ሃርድሌክስ የሚሉት ማዕድን መስታወት ስለሆነ በጥርስ ሳሙና አይበገርም። ዲያሜትሩን በካሊፐር ለክቼ አዲስ አስገባሁ።

ቀፎውን በብርጭቆ ወረቀት ማንጻት አልፈለግኩም። ጠርዞቹ ገና ስለታም ናቸው። በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ታጠበ፣ የመሙያው ጎድጓዳ በመርፌ ተጠረገ፣ በቃ። ፊቱ ላይ ሦስት ሰዓት አጠገብ የእርጥበት እድፍ አለ። አልነካሁትም። ገበያ ላይ ፊታቸው እንደገና ተቀብቶ የሚያብረቀርቁ ሲኮዎች ሞልተዋል፤ ፊደላቸው ሲታይ ያስታውቃሉ። ከእነሱ እድፉን እመርጣለሁ።

ጎሚኒው ልኩ ስላልሆነ ውሃ ይችላል ብዬ አልምልም። እጅ ሲታጠቡ ችግር የለም፣ ሐይቅ ውስጥ ይዘውት ግን አይገቡም።

ታኅሣሥ፣ ቀኑን መሙላት

እንደ ዕቃ አልቋል፣ ግን የእኛ አገር ጣጣ ቀርቷል። ባላንስ እስኪገኝ ሰዓቱን የሚያስሩት አጎቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ነው የሚሞሉት። የቀን መቁጠሪያው የሚዞረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው፣ በ24 ሰዓት አንዴ። ስለዚህ ምርጫ አለ፦ ወይ ጠዋት 12፣ ወይ ማታ 12።

"ጠዋት ላድርገው?" አልኳቸው።

"ቀን የሚገባው መግሪብ ላይ ነው። ማታ ይዙር" አሉ።

ማታ እንዲዞር ሞላሁት። ግን ሌላ ነገር ይከተላል። መሙያው አንድ ደረጃ ሲሳብ በአንድ በኩል ቀኑ፣ በሌላ በኩል ዕለቱ በእጅ ይዞራል። ማሽኑ ራሱ ቀኑን ለመለወጥ በሚዘጋጅበት ሰዓት ይሄን ማድረግ ጥርስ ይሰብራል። አደገኛው ክልል በግምት ከ9 እስከ 4 ነው። ለአጎቴ ይሄ ከቀኑ 9 እስከ ማታው 4 ሆነ። ስለዚህ ቀን ማስተካከል ጠዋት ብቻ። የዕለቱ ጎማ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ስላለው ማታ ላይ በሁለት እርምጃ ነው የሚዘለው። እስኪጨርስ ለተወሰነ ሰዓት ሌላው ቋንቋ መስኮቷ ላይ ይቆያል። ብልሽት አይደለም።

ሌላው 31 ቁጥር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ነው ቀን በእጅ የሚታለፈው። በእኛ ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በየወሩ 31ን መዝለል ግድ ነው፤ ጳጉሜን ሲጨመር 13 ጊዜ። ጳጉሜን ካለቀ በኋላ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ተነስቶ እስከ መስከረም 1 ማዞር አለ። አጎቴ "31ን ፍቀህ አጥፋልኝ" አሉኝ። ቢፋቅም ቦታው ባዶ ሆኖ ይዞራል እንጂ አይዘለልም አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም።

አሁን ያለበት

አጎቴ ካሰሩት ወዲህ በቀን 10 ሰኮንድ አካባቢ ይፈጥናል። ሌሊት አውልቀው ጠዋት ሲያነሱት እየሠራ ይጠብቃቸዋል፤ ስለዚህ ማጂክ ሌቨሩ ሥራውን ይዟል። ኩሽኔታው አሁንም ትንሽ ድምፅ አለው። ሮተር ሙሉውን መቀየር ይጠይቃል፣ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

የአጎቴ ማሽን ባላንስ ብቻ ነበር የጎደለው። አሁን የሞላ ቤትና አንድ ብሎንም ጎድሎታል። ሰኞ ባቲ እወርዳለሁ፤ አዛውንቱ 7009 ካገኙ እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያቸዋለሁ። በዚህ ጊዜ ከመግዛቴ በፊት ክዳኑን እዚያው ለመክፈት ኳሷን ይዤ ነው የምሄደው።